ብርድ የመታው ኮምፒውተር

በልጅነቴ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ሰው አክሜ አድኛለሁ። ኮምፒውተሩ የአባቴ ነበር፤ ሰው ያልኳት ደግሞ አክስቴ ሰርካለም ናት። ሁለቱንም የያዛቸው በሽታ አንድ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ብርድ። እንዲያውም ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈው በእኔ ጥፋት መስሎኝ ስንት ቀን ምግብ አልበላ ብሎኝ እንደነበር ሳስታውስ ዛሬ ሳቄ ይመጣል።

ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት ነው። ያኔ ብቸና ውስጥ ኮምፒውተር ያለበት መኖሪያ ቤት ብዙ አልነበረም፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ የእኛ ብቻ ነበር። አባቴ መምህር ይስማው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ያገለገለ ኮምፒውተር ከባሕር ዳር አስጭኖ ያመጣው ግን ለጂኦግራፊ ብሎ አይደለም። አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሲሞቱ ቅኔያቸው በየደቀ መዝሙሩ አፍ ተበትኖ ቀረ፤ አባቴም ትምህርት በሌለበት ቀን እስከ መርጡለ ማርያም ድረስ እየሄደ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሲለቅም ይውላል። የለቀመውን በኮምፒውተር የምትጽፈው ታናሽ እኅቱ ሰርካለም ነበረች። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ ያሳደጋት፣ ያስተማራትና ለአስተማሪነት ያበቃት እሱ ነው። እሷ እሱን «ጋሼ» ትለዋለች፤ እኔ ደግሞ እሷን «እታለም» እላታለሁ። ጋሼ ካለ አለ ነው፤ እታለም ቃሉን ስትመልስ ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ ባንቺዓለም በበኩሏ ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ አትወድም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ራዲዮው ለብሷል፣ የሶፋው መደገፊያ ለብሷል። ኮምፒውተሩ ሲመጣማ ተራ ዳንቴል አይመጥነውም ብላ ቀይ ከፋይ ገዛች፤ ከውስጥ ወፍራም ገበር አድርጋ፣ ጠርዙን በዳንቴል ከብባ፣ ስክሪኑንም አጠገቡ የሚቆመውን ሳጥኑንም አንድ ላይ እስከ ጠረጴዛው ድረስ የሚያለብስ ልብስ ሰፋችለት። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ያደነቀው ኮምፒውተሩን ሳይሆን ልብሱን ነበር። ሲሠራበትም ልብሱ አይወልቅም። እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ የፊቱ ብቻ ወደ ላይ ይገለጣል፤ ጀርባውና ጎኑ እንደተሸፈነ ይውላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እታለም ስትጽፍ፣ እኔ አጠገቧ የቤት ሥራዬን ስሠራ ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነ። የምትጽፈው ቅኔ ጠፋ፤ ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ፣ በላዩም ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍና ቁጥር። እታለም ትኩስ ድስት እንደነካች ሁሉ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። አባቴ ተጠርቶ መጣ፤ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ችግር ተገኝቷል ይላል» አለ።

ምን ዓይነት ችግር እንደሆነ እናቴ ስትጠይቀው እሱን አይልም አላት። ችግር መገኘቱንማ እኛም አይተናል አለችና ወደ ማጀት ተመለሰች። አጥፍተው ሲያበሩት ተነሣ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሰማያዊ ሆነ። ሴቭ ያልተደረገ ሁለት ገጽ ቅኔ ጠፍቶ ነበርና አባቴ አንገቱን ደፍቶ ዋለ። ማታ ራት ላይ እናቴ እንዲህ አለች፦ «ሰማያዊ የሆነው ብርድ መትቶት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። እኔ ድሮም መስኮት ሥር አታስቀምጡት ብያለሁ።» ይህን ብላ ተነሥታ ከፋዩን አጥብቃ ሸፈነችለት።

እናቴ አባቴን ለማሳቅ ብላ እንደተናገረች ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ያን ጊዜ ግን አመንኳት። ብርድ የመታው ልጅ ከንፈሩ ሰማያዊ እንደሚሆን ዐይቻለሁና ነገሩ ምንም አልከበደኝም።

ሞጣ ላይ እንዳለው የሚባል ጎበዝ ጠጋኝ አለ ተባለ። መስጊዱ አቅራቢያ የአብዱረህማን የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለ፤ እንዳለው እዚያ ጥግ ይዞ ይሠራል። አባቴ ደወለለትና በማግስቱ በቅጥቅጥ አውቶቡስ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሰው ይልቅ ጠረጴዛ እያየ የሚናገር ወጣት ነበር። እናቴ የሠራተኛ እጅ እንዳይነካው ብላ ከፋዩን ገና ከበር ድምፁን ስትሰማ አውልቃ፣ አጥፋ መኝታ ቤት አስገባችው።

እንዳለው ልክ እንደ ጤና ጣቢያው ሐኪም ጠየቀ። መቼ ጀመረው? ከተከፈተ ስንት ቆይቶ ነው? አዲስ ነገር ገብቶበታል? መላሿ እታለም ነበረች። ከዚያ ሳጥኑን ፈታ፣ ከሆዱ አንድ ቀጭን ነገር አወጣና ላጲስ እንዳለን ጠየቀ። የእኔን ላጲስ ሰጠሁት። የዚያን ነገር ቢጫ ጥርሶች በላጲሴ አንድ በአንድ እያሸ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ፣ ሜሞሪ የሚሉት፣ ይህ መሆኑን፣ ሲቆሽሽ እንደሚሳሳት ለእታለም ያስረዳታል፤ እታለም ባትሪ ታበራለታለች። ቀን ነበር፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። ባትሪው ለምን እንዳስፈለገ ያኔ አልጠየቅሁም።

ኮምፒውተሩ ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ አንዴም ሰማያዊ ሳይሆን ዋለ። እንዳለው ሄደ፤ እናቴ ከፋዩን መለሰች፤ ብዙም ሳይቆይ ሰማያዊው ተመልሶ መጣ።

ሁለተኛም ተጠራ። እናቴም እንደ ልማዷ አውልቃ ጠበቀችው። ቫይረስ ይሆናል ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያጸዳ ዋለ፤ ማሽኑም እንደ ጨዋ ልጅ ጸጥ ብሎ ሲሠራ ዋለ። እናቴ ሻይ ይዛ ስትገባ ቆም ብላ አየቻቸውና፣ «ይገርማል፣ እሱን ሲያይ ይድናል» አለች። ስትናገር የምታየው ኮምፒውተሩን አልነበረም። እታለም የወደቀ ብሎን የምትፈልግ መስላ ጠረጴዛው ሥር ገባች። እኔም አብሬያት ገብቼ ፈለግሁ፤ ምንም የወደቀ ብሎን አልነበረም።

እንዳለው ኋላ እንዳጫወተኝ በዚያ ሰሞን በሙያው ተስፋ መቁረጥ ጀምሮ ነበር። እሱ ባለበት ጤነኛ፣ እሱ በሌለበት በሽተኛ የሆነ ማሽን ዐይቶ አያውቅም። አብዱረህማን ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ እየጠገነ ሐሳቡ ብቸና ነው፤ ስለ ማሽኑ ብቻ ነው የማስበው ብሎ ራሱን ያታልላል።

ሦስተኛው ጊዜ ሳይጠራ መጣ። ደጀን ሰው ልጠይቅ ስሄድ በዚያው ልየው ብዬ ነው አለ። ደጀን አንድም የሚያውቀው ሰው እንዳልነበረ ዛሬ እናውቃለን። ድንገት ስለገባ እናቴ ከፋዩን ለማውለቅ አልደረሰችም፤ እታለም የፊቱን ብቻ ገልጣ እየጻፈች ነው። እንዳለው ደንግጦ ቆመ። ቀጥሎ እጁን ከኋላ በኩል ከልብሱ ሥር አስገባና ወዲያው አወጣው።

«መምህር፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው» አለው ለአባቴ። «ትንፋሽ አጥሮት ነው። ከኋላ ሙቀት የሚያስወጣበት ማራገቢያ አለው፤ ልብሱ አፈነው። ሲሠራ ይህ ልብስ ከተነሣለት እኔ ሁለተኛ አላስፈልጋችሁም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ከብቸና እስከ ሞጣ ሲረግማት እንደሄደ ራሱ ነግሮኛል። እውነቱን መናገር ነበረበት፤ ተናገረ። ከደብረ ወርቅ ጀምሮ ግን ምነው ቫይረስ ነው ባልኩ ይል ጀመር።

እናቴ ብርድ ነው ስትል እንዳለው ሙቀት ነው ማለቱ ለእኔ አልተጋጨብኝም። ወባ የያዘው ሰውም መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ከዚያ ይተኩሳል። ስለዚህ ሁለቱም ልክ ናቸው አልኩ። አባቴ ደግሞ ሁላችንንም ሰብስቦ ኮምፒውተሩ ሲሠራ እንዳይሸፈን አዘዘና ጠባቂ አድርጎ እኔን ሾመኝ።

እንደ እኔ ያለ ጠባቂ አልታየም። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ከፋዩን አወልቃለሁ፣ አጥፌ ወንበር ላይ አደርገዋለሁ፣ እላዩ ላይ እቀመጣለሁ። እናቴ አንድ ቀን አቧራ ያዘው ብላ ልትሸፍነው ስትል አባዬ ከልክሏል አልኳት። አደራሽን ትንሽ ቀነስ አድርጊው አለችኝ። ሌላ ቀን እታለም ራሷ ከፋዩን ከኋላ በኩል በቀስታ ስትጎትት ያዝኳት፤ ብርድ ያገኘው መስሎኝ ነው አለች። ሁለቱንም ለአባቴ አልተናገርኩም፤ ግን አልሸፈኑትም። ሰማያዊው ጠፋ። እንዳለውም ጠፋ። አባቴ ጎበዝ እያለ ራሴን ይዳብሰኛል፤ ሌላው ሰው ለምን እንደማያመሰግነኝ አልገባኝም።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ከጉንደ ወይን ሽማግሌዎች መጡ። የሻው ለሚባል አይሱዙ ላለው የእህል ነጋዴ እታለምን ሊጠይቁ ነው። የሻው ደግ ሰው ነበር፤ አባቴም ያውቀዋል፣ ወዶታልም። ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አስተናግዶ መልሱን በፋሲካ ኑና ስሙ አላቸው። እታለም ጓዳ ሆና ሰማች። ሲሄዱ አባቴ የሻው ጥሩ ሰው ነው አላት፤ እሷም ጋሼ እንዳልክ አለች። እኔ ከነገሩ ሁሉ የያዝኩት ጉንደ ወይንን ብቻ ነበር። አባቴ በካርታ ላይ ሲያሳየኝ ከዓባይ ገደል አፋፍ አጠገብ ነበርና እታለም እዚያ ሄዳ ውሃ ልትቀዳ ስትል ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እታለም ታመመች። ትምህርት ቤት ደርሳ ትመጣና ጋቢ ተከናንባ ትተኛለች። ምግብ ስትቀርብላት ጾም ነው ትላለች፤ ከጾሙ ሰዓት በኋላም ጾም ነው ትላለች። መሳቅ ተወች። አባቴ ጭንቅ ብሎት ልጅቷ ምን ሆነች ብሎ እናቴን ጠየቃት። እናቴ ቀና ብላ አየችውና ቆጣ ብላ መለሰችለት፦

«ብርድ ነው። ያ የኮምፒውተሩ ብርድ።»

እኔ በር ላይ ነበርኩ። ነገሩ ሁሉ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ በሽታው ከኮምፒውተሩ የወጣው እኔ ልብሱን ስላወለቅሁ ነው፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ አጠገቡ የምትቀመጠው ማን ናት? እታለም። ጉንፋን ከእኔ ወደ እናቴ እንዴት እንደሚሄድ ዐውቃለሁ። እታለም በእኔ ጠባቂነት ልትሞት ነው ብዬ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። እንደዚያ የወደድኩት ሰው አልነበረም። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ከአባቴ ቁጣ የምታስጥለኝ እሷ። ካለቀስኩ በኋላ ግን መድኃኒቱ ታየኝ። በሽታው ወደመጣበት ይመለስ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ እኅቱ ስለታመመች በሁለት ጣቱ ራሱ ይጽፍ ነበር። እታለም እዚያው ሳሎን መደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ እናቴ ገበያ ወጥታለች። ከበር አንድ ሰው ጠራውና አባቴ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ወጣ። ጨዋታ ይዘው ቆዩ። እኔም ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ከፋዩን ዘረጋሁ፤ ከላይ አለበስኩት፣ ከኋላ ጠቀጠቅሁት፣ ከጎን የእናቴን ነጠላ ጨመርኩበት። አጠገቡ ቆሜ፣ በሽታ ሆይ ወደ ቤትህ ተመለስ እያልኩ በሹክሹክታ ለመንኩት። እጄን ሳስገባ ይግላል። ጠበቅሁ። አባቴ ሰውየውን ሲሰናበት ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። የኮቴውን ድምፅ ስሰማ ልብሱን ገፍፌ አጥፌ እላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ ገብቶ አየ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ሞጣ ደወለ። እታለም ከጋቢዋ ውስጥ ራሷን ብቅ ስታደርግ ዐየኋት። «ማን ልትጠራ ነው ጋሼ?» አለች። በዚያ ሳምንት ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። መድኃኒቱ መሥራት መጀመሩን በዐይኔ አየሁ።

እንዳለው በማግስቱ፣ እሑድ፣ መኪና አግኝቶ ደረሰ። እታለም ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ በእግሯ ቆማ ነበር። ሽምብራ ቆሎ አቅርባለት እሷም አብራ በላች። እንዳለው ማሽኑን ፈታ፣ አየ፣ መልሶ ገጠመው። ሙቀት ነው አለ በዝግታ፤ የታጠፈውን ከፋይም አየ። እናቴ እታለምን ዐየቻት፣ እታለም እናቴን ዐየቻት፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ። እኔን ማንም አላየኝም።

ሲሄድ እታለም እስከ አጥሩ በር ሸኘችው። ተከትያቸው ነበር። «እስከ ፋሲካ ብቻ ነው» ስትለው ሰማሁ፤ እሱም መሬት መሬት እያየ፣ «ከፋሲካ በፊት እናደርገዋለን» አላት። የማሽኑን ቀጣይ ጥገና ቀጠሮ እየያዙ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከሆሳዕና በፊት ከሞጣ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ የእንዳለው የንስሐ አባት ናቸው፤ ሁለተኛው የሱቁ ባለቤት አቶ አብዱረህማን። ጾም በመሆኑ እናቴ ለሁሉም የሚሆን ሽሮና የምስር ወጥ አዘጋጅታ ስለነበር ለእንግዳ ምን ይቅረብ የሚል ጭንቀት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ግን ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። ቄሱ መርቀው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። አባቴ ግራ ገባው። ልጁ ማን እንደሆነ ሲነገረው ደግሞ የባሰ ግራ ገባው፤ ይህ ነገር መቼ ተጀመረ ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ አቶ አብዱረህማን ኮፍያቸውን አስተካከሉና መለሱ፦

«መምህር፣ ይህ ልጅ እኔ ሱቅ የጠገነው ዕቃ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም። የጠገነው የሚበላሸው እርስዎ ቤት ብቻ ነው። እኛም ተመካክረን ችግሩ ከዕቃው አይደለም አልን።»

አባቴ ኮምፒውተሩን አየ። እኔ የተቀመጥኩበትን ከፋይ አየ። ጣሪያ የምትቆጥረውን እናቴን አየ። ከዚያ እስኪያነባ ድረስ ከሆዱ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ እታለምን ከጓዳ ጠራት።

«ሰርካለም» አላት፣ «እኔ እስከ ዛሬ የማሽኑን ጤና ስጠይቅ ነው የከረምኩት። አንቺን አልጠየቅሁሽም። ምን ትያለሽ?»

«ጋሼ» አለች፣ «እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

አባቴ ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አላቸው።

ለጉንደ ወይን ሽማግሌዎች አባቴ ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። የሻው ቅር አላለውም አልልም፤ ለሠርጉ ግን አይሱዙውን ይዞ መጥቶ የብቸናን ዘመድ እስከ ሞጣ ያመላለሰው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተራችን ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም። የአያቴም ቅኔ ተጽፎ አለቀ፤ መጨረሻውን አባቴ በሁለት ጣቱ ጻፈው። ከፋዩን እናቴ ለእታለም ከጥሎሽ ልብሷ ጋር ጠቅልላ ሰጠቻት።

እኔ ዛሬ ነርስ ነኝ። በሽታ ከኮምፒውተር ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ተምሬያለሁ፣ ተፈትኜም አልፌያለሁ። ሌላውን ግን ያወቅሁት ባለፈው ፋሲካ ሞጣ እነሱ ቤት ተሰብስበን ስንጫወት ነው። የእነ እታለም ትንሿ ልጅ ያን ቀይ ከፋይ አልብሳ አሻንጉሊቷን እያዘለች ነበርና ወሬው ወደ እሱ ሄደ። እታለም እናቴን አቅፋ፣ ያን ቅዳሜ ባትሸፍኚልኝ ኖሮ ዛሬ ጉንደ ወይን ነበርኩ አለቻት። እናቴ ደነገጠች። እኔማ ገበያ ነበርኩ፣ የሸፈንሽው አንቺ ነሽ እንጂ አለች። እታለም ደግሞ ከጋቢዬ ውስጥ አልወጣሁም ብላ ማለች። ሁለቱም ያን ሁሉ ዓመት አንዷ ሌላዋን በልቧ ስታመሰግን ኖራለች። ወደ እንዳለው ዞሩ፤ እሱ ግን ያን ቅዳሜ ሞጣ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እንዳለው አሁንም ጠረጴዛ ጠረጴዛ እያየ ለምን እንደሸፈንኩት ጠየቀኝ። ጠባቂው አንቺ አልነበርሽም እንዴ አለኝ።

«በሽታው ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ እታለም እንድትድን ብዬ ነዋ።»

እናቴ በሳቅ ሶፋው ላይ ተደፋች፤ እንዳለውም ተከተላት። እታለም ግን አልሳቀችም። ዐይኗ እንባ ሞልቶ ተነሥታ መጣች፣ ድሮ ፀጉሬን ስትሠራኝ እንደምታደርገው ራሴን በሁለት እጇ ያዘችና ግንባሬን ሳመችኝ።

«ታዲያ ድኜ የለም እንዴ፣ ምስሬ?» አለችኝ።